ስለ ሲአርፒ፣ ኢኤስአርና የደም ስኳር በደሴ የሚነገረውና እውነታው

«ሲአርፒ ከፍ ካለ ደም ውስጥ ኢንፌክሽን አለ፤ አንቲባዮቲክ መግዛት ነው።»

ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ በብዛት የምሰማው ይህንን ነው። ሲአርፒ ግን በደም ምርመራ የሚለካ፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት በየትኛውም ምክንያት ሲቆጣ ይጨምራል። ብርቱ የሳንባ ምች በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ከ3 እስከ 10 ባለው ውስጥ ለወራት ሲቆይ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሆድ ውፍረት፣ ሲጋራ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ነው። አንቲባዮቲክ ለሆድ ስብ ምን ይፈይዳል?

ኢኤስአር የተባለው የደም ምርመራም እንዲሁ ነው። በቀጭን ቱቦ የቆመው ደም ውስጥ ቀይ ሴሎች በ1 ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ይነበባል። እርግዝናም ሆነ ደም ማነስ ያለ ምንም ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል።

«ይህ ከስኳር ጋር ምን አገናኘው?»

በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸ ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ኢንተርሉኪን 6 የተባለውን መልእክተኛ ይለቅና ጉበት ሲአርፒ እንዲያመርት ያደርጋል፤ ሌላው መልእክተኛ፣ ቲኤንኤፍ አልፋ፣ ኢንሱሊን በሴሎች ላይ እንዳይሠራ ያውካል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ከፍ ብሎ የከረመ ስኳር ደግሞ በተራው የደም ሥሮችን ግድግዳ ያስቆጣል። ያም ሆኖ ሲአርፒ የስኳር በሽታ መመርመሪያ አይደለም።

«ስኳሬ የጨመረው በትኩሳቱ ነው፤ ሲሻለኝ ይወርዳል።»

ሊሆን ይችላል፤ በሕመም ጊዜ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉ ሆርሞኖች ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ነገር ግን ለዓመታት ተደብቆ የኖረ የስኳር በሽታም በዚያው አጋጣሚ ይገለጣል። ያለፉትን ከ2 እስከ 3 ወራት የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው የኤዋንሲ (A1C) ምርመራ ለመለየት ይረዳል፦ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ነገሩ የትኩሳቱ ብቻ አይደለም። ካገገሙ በኋላ አዳር ጾሞ የሚለካ ስኳርም በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ከደረሰ ምርመራው መደገም አለበት።

«ምግብ አልበላ ካለው ኢንሱሊኑ ይቁም።»

እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ትኩሳት ላይ ያለ የስኳር ሕመምተኛ ሳይበላም ስኳሩ ይወጣል፤ ኢንሱሊን ጨርሶ ማቋረጥ ደሙን አሲዳማ አድርጎ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። መጠኑ መለወጥ ካለበት ሐኪም ይወስን፤ እናንተ ስኳሩን ቶሎ ቶሎ ለኩለት፣ ውኃ አጠጡት።

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ የምትታከሙ፣ የቀድሞውን የላቦራቶሪ ወረቀት አትጣሉት፤ ሐኪሙ ካለፈው ጋር ሲያስተያይ ሲአርፒው እየወረደ ይሁን እየጨመረ ያውቃል።