«ሰው ያቅዳል፣ እግዜር ይስቃል»፦ የይዲሽ ምሳሌያዊ አነጋገርና የሰባቱ ቀን ሐዘን

የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ይዲሽ በሚባለው ቋንቋቸው «ሜንትሽ ትራኽት፣ ጎት ላኽት» ይላሉ። ሰው ያቅዳል፣ እግዜር ይስቃል ማለት ነው። ከእኛ አባባሎች «ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል» የሚለው ይቀርበዋል፤ ግን አንድ አይደሉም። የእኛው አጽናኝ ነው፣ ነገሩን ለባለቤቱ ይተዋል። የይዲሹ ይሸነቁጣል፤ የሚሸነቁጠውም ተናጋሪውን ራሱን ነው። ድንኳን ጥሎ ደግሶ ዶፍ የወረደበት፣ ሻንጣውን ሸክፎ በረራው የተሰረዘበት ሰው በራሱ ላይ የሚተርታት ናት።

ሐሳቡ የመጽሐፍ ቅዱስ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ16፥9 እና በ19፥21 የሰው ልብ ብዙ እንደሚያሰላ፣ የሚጸናው ግን የእግዚአብሔር ምክር እንደሆነ ይናገራል። ሳቁ ደግሞ በመዝሙር 2፥4 አለ፤ በሰማይ ያለው በነገሥታት ሴራ ይስቃል። ጀርመኖችም «ሰው ያስባል፣ እግዜር ይመራል» የሚል ቤት የሚመታ አባባል አላቸው። ይዲሹ በዚያው አካሄድ ሄዶ «ይመራል» በሚለው ቦታ «ይስቃል» አለ። ቀልዱ ያለው እዚያች ላይ ነው።

አባባሉ በደንብ የሚገባው ግን ሺቫ የሚባለውን የሰባት ቀን ሐዘን ላወቀ ሰው ነው። ሺቫ የሚቀመጠው ለሰባት ዓይነት ዘመድ ነው፦ ለአባት፣ ለእናት፣ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለወንድ ልጅ፣ ለሴት ልጅና ለትዳር ጓደኛ። ሐዘንተኛው ልብሱን አንድ ጋት ያህል ይቀድዳል፤ ለወላጅ ከሆነ በልብ በኩል በግራ፣ ለሌላው በቀኝ። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፣ የቆዳ ጫማ አያደርግም፣ አይላጭም፣ ሥራ አይሄድም፣ በብዙ ቤት መስታወቱም ይሸፈናል። ከቀብር መልስ የሚበላው የመጀመሪያው ምግብ ከራሱ ጓዳ መውጣት የለበትም። ጎረቤት ቀቅሎ የሚያመጣው እንቁላል ወይም ምስር ነው፤ ሁለቱም ክብ ናቸውና ሕይወት ትዞራለች ለማለት ነው። ካዲሽ የሚባለውን ጸሎት ለማድረስ ደግሞ 10 ሰው ያስፈልጋል፣ ኦርቶዶክስ በሚባሉት ወግ አጥባቂ አይሁዶች ዘንድ 10 ወንዶች። ዘጠኝ ሆነው አሥረኛውን ከመንገድ የሚለምኑበት ጊዜ አለ።

ሰባት ቀን ይባል እንጂ ቆጠራው ሰባት ሙሉ ቀን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቀብሩ ዕለት አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐዘን ከተጀመረ። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ጠዋት ጥቂት ተቀምጠው ይነሣሉ፤ የቀን ክፋይ እንደ ሙሉ ቀን ይታሰባልና። ማክሰኞ የተቀበረ ሰው ሺቫው ሰኞ ጠዋት ያልቃል። በመካከል ያለችው ሰንበት ከሰባቱ ትቆጠራለች፣ ግን በአደባባይ አይታዘንባትም፤ ሐዘንተኛው የተቀደደውን ልብስ ቀይሮ ምኩራብ ይሄዳል።

የእግዜር ሳቅ የሚሰማው በዓል ሲመጣ ነው። የአይሁድ ፋሲካ፣ ሻቩኦት (የሰባቱ ሱባዔ በዓል)፣ ሱኮት (የዳስ በዓል)፣ አዲስ ዓመት ወይም ዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) ከገባ የተጀመረው ሺቫ ይቋረጣል፣ የቀረው ቀን አይካካስም። እናቱን በፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የቀበረ ሰው አንዲት ሰዓት ያህል ከተቀመጠ ሰባቱን እንደ ጨረሰ ይቆጠርለትና ወደ ማዕድ ይቀርባል። ቀብሩ በበዓሉ መካከል ከዋለ ግን ተቃራኒው ይሆናል፦ ሺቫው በዓሉ እስኪያልፍ ይቆያል። ሐኑካና ፑሪም የሚባሉት አነስተኛ በዓላት ግን ሺቫን የማቋረጥ ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

ለእኛ ሰው ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው የመርዶው ደንብ ነው። የዘመዱን ሞት በ30 ቀን ውስጥ የሰማ ሰው ከሰማበት ጀምሮ ሰባቱን በሙሉ ይቀመጣል። ከ30 ቀን በኋላ ከሰማ ለአንድ ሰዓት ብቻ ጫማውን አውልቆ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ይነሣል፤ ሕጉ እንዲህ ይበቃል ብሎታል፣ ልብ ይበቃዋል ወይ ሌላ ጥያቄ ነው። ቤተ እስራኤል አገር ቤት ሳሉ ሙታናቸውን ሲያስቡ የኖሩት በተዝካር ነው፤ በእስራኤልም ተዝካሩን ከሺቫው ጎን ለጎን የያዙ ብዙ ናቸው።

ለኮሜዲ ሠሪ ይህ የተዘጋጀ መድረክ ነው። የተኳረፉ ዘመዶች በአንድ ቤት ተዘግተው፣ በር ክፍት ሆኖ፣ ምግብ እየጎረፈ፣ መውጣት ተከልክሎ። የዳኒ ሌቪ የጀርመን ፊልም «አሌስ አውፍ ጹከር» እ.ኤ.አ. በ2005 የጀርመንን ምርጥ ፊልም ሽልማት ያገኘው በዚሁ ጉዳይ ነው። የእናት ኑዛዜ፣ የበርሊን ግንብ የለያያቸው ሁለት ወንድማማቾች ታርቀው ሺቫውን እንዲቀመጡ ያዛል፤ አለዚያ ውርስ የለም። አንዱ ሃይማኖተኛ ነው። ሌላው ዕዳ ያነቀው ቁማርተኛ ሲሆን በዚያው ሳምንት ገንዘብ የሚያስገኝ የቢሊያርድ ውድድር አለበት፤ ታምሜያለሁ እያለ ሹልክ ይላል። አይሁዳዊት ያልሆነችው ሚስቱ ደግሞ የኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ የሚሠራበትን፣ ወጥ ቤት ሕግ በጥድፊያ ትማራለች። የሚያስቀው ሐዘኑ አይደለም፤ በሕጉ ውስጥ ቀዳዳ የሚፈልገው ሰው ዕቅድ ነው።

አባባሉን የት መጠቀም እንደሌለብን ከዚህ ይታያል። ስለ ራስ ዕቅድ ሲነገር ቀልድ ነው፤ ለለቅሶ በተሄደበት ቤት ሲነገር ነውር ነው። ልጁን የቀበረን ሰው እግዜር ሳቀ ማለት ምን እንደሚመስል ማንም ያውቃል። የሺቫ ጠያቂ በር አያንኳኳም፣ ሰላምታ አይሰጥም፣ ሐዘንተኛው ሳይናገር አፉን አይከፍትም። ይህም ከኢዮብ ወዳጆች የመጣ ነው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ዝም ብለው ተቀመጡ፣ ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጠያቂው ሲወጣ «እግዚአብሔር ከቀሩት የጽዮንና የኢየሩሳሌም ሐዘንተኞች ጋር ያጽናናችሁ» ይልና ይሄዳል። ሐዘንተኛው ተነሥቶ መሸኘት አይጠበቅበትም።