ሐና፦ የስእለት እናት ስም

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከድሬዳዋና ከሐረር ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል ከሚወጡት እናቶች ብዙዎቹ የስእለት ልጅ ያዘሉ ናቸው። ሴት ከሆነች «ሐና» የሚለው ስም ቶሎ ይታሰባል፤ ተገቢም ምርጫ ነው።

ስሙ የዕብራይስጥ ሲሆን ጸጋ፣ ሞገስ ማለት ነው። ዮሐንስና ሐናንያም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ግሪኮች ለ«ሐ» ፊደል ስለሌላቸው «አና» ብለው ጻፉት፤ የፈረንሳዩ አን፣ የስፓኙ አኒታ፣ የሩሲያው አኒያ ከዚያ መጡ። ግእዛችን ግን ሐመሩን «ሐ» ጠብቆታል፤ ስለዚህ በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» አትጻፉት። «ሀና» የሚሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደስታ ማለታቸው ነው፤ ሥሩ ሌላ ነው። በዐረብኛ ደግሞ ዮሐንስ ሲያጥር ሐና ስለሚባል ወንድም በዚህ ስም ይጠራል። በሉቃስ 3፥2 ከቀያፋ ጋር የተጠቀሰው ሐናም ወንድ ነው።

ልጃችሁን የምትሰይሙት በየትኛዋ ሐና ነው? የፋኑኤል ልጅ ነቢይቱ አለች፤ የእመቤታችን እናት ቅድስት ሐና አለች፤ ዕረፍቷ ኅዳር 11 ይታሰባል። የስእለት እናቶች ግን የሳሙኤልን እናት በደንብ ሊያውቋት ይገባል።

ይህች ሐና በሴሎ ስትሳል ወይፈን ወይም ገንዘብ አላለችም፤ የሚሰጣትን ልጅ ራሱን መልሳ ለመስጠት ተሳለች። ወይፈኑ፣ ዱቄቱና የወይን ጠጁ በኋላ ከልጁ ጋር የሄዱ መሥዋዕት ናቸው። ስእለት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ በጭንቅ ሰዓት ከአቅም በላይ ይባላል፣ ባል ሳይሰማ ይቀራል፣ ከዚያ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። ዘዳግም 23፥21 አትዘግይ ይላል፤ ዘኍልቍ 30 ደግሞ ባልየው በስእለቱ ላይ ድርሻ እንዳለው ያሳያል። ባሏ ሕልቃናም ሐናን «በዓይንሽ ደስ ያሰኘሽን አድርጊ» ብሏታል።

ሌላም ልብ በሉ። ሳሙኤል ከተወለደ በኋላ ቤተሰቡ ለዓመቱ መሥዋዕት ሲወጣ ሐና ቀረች፤ ጡት እስኪተው ጠበቀች (1ኛ ሳሙኤል 1፥22)። አራስ ሕፃን ይዞ በቁልቢ ግፊያ መግባት ግዴታ አይደለም። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ በአጥቢያችሁ ትጠመቅ፤ ለክብረ በዓል ብላችሁ አታቆዩአት። ጠንከር ስትል ሐምሌ 19 ወይም በሚቀጥለው ታኅሣሥ ይዛችኋት ውጡ። የክርስትና ስሟ «ወለተ ሐና» እንዲሆን ከፈለጋችሁም ከጥምቀቱ በፊት ለካህኑ ንገሩ።