“ሲቲዝን ስሆን ሁሉንም አመጣቸዋለሁ” እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ሜሪላንድ፣ አሜሪካ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ተፈልቶ ገና አቦሉ ሳይጠጣ የኢሚግሬሽን ወሬ ይነሳል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እህቴን ለማምጣት ፎርም ስሞላ ብዙ ስለተሳሳትኩ ግን ሰው “አንተ ታውቃለህ” እያለ ፖስታውን ይዞ ይመጣብኛል። ፖስታውን ከፍቼ ሳይ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። እኛ ቤተሰብ የምንለውና የአሜሪካ ሕግ ቤተሰብ የሚለው አይገጥሙም። ለእኛ የአክስት ልጅ ወንድም ነው። ለሕጉ ግን የአክስት ልጅ፣ አጎትና አያት ጭራሽ የሉም።

የምጽፈው ስለ ሕጉ መሠረት ነው። ዋሽንግተን ላይ አስተዳደር በተቀየረ ቁጥር ቪዛ የሚያቆሙ ወይም የሚያጠብቁ ትዕዛዞች ይወጣሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የወቅቱን ማስታወቂያ ከኤምባሲው ድረ ገጽ እዩ።

“ግሪን ካርድ አለኝ፤ እናቴን ላምጣት”

አይቻልም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት የሚችለው ለባሉ ወይም ለሚስቱና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለወንድምና ለእህት ለማመልከት ሲቲዝን (የአሜሪካ ዜጋ) መሆንና 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

“እናቴ ስትመጣ ታናሽ እህቴም አብራት ትመጣለች”

እኔ ራሴ የወደቅኩበት ጉድጓድ ይሄ ነው። የሲቲዝን እናትና አባት፣ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች የቅርብ ዘመድ ይባላሉ። ለእነሱ ዓመታዊ ኮታ የለም፤ ወረፋም አይጠብቁም። ዋጋው ግን አለ። የቅርብ ዘመድ ማንንም ደርቦ ይዞ መምጣት አይችልም። አንድ ፎርም፣ አንድ ሰው።

እህቴ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። የእናቴ ቪዛ ሲመታ ቤታችን ውስጥ ደስታም ለቅሶም ነበር። እናቴ መጣች፤ እህቴ አክስቴ ጋር ቀረች። እናቴ ግሪን ካርዷ እጇ እንደገባ ለልጇ አመለከተች፤ ሁለት ዓመት ከምናምን ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት እናቴ ሌሊት ሌሊት የስልክ ካርድ እየፋቀች ነው ያሳለፈችው። አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቢያንስ ቁጭ ብለን መክረን እንወስን ነበር።

የዚህ ስህተት ሌላ መልክም አለ። አንድ ግሪን ካርድ ያለው አባት ለሚስቱ ያመለክታል፤ ልጆቹ በእሷ ስር ይቆጠራሉ። መንገድ ላይ አባትየው ሲቲዝን ይሆናል። ሚስቲቱ ወደ ቅርብ ዘመድነት ስታልፍ ልጆቹ ከእሷ ፋይል ይወድቃሉ። እንግዲህ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ አይ-130 (ለዘመድ የሚሞላው የማመልከቻ ፎርም) መግባት አለበት። ወደ ሲቲዝንነት የምትሄዱ ከሆነ ለልጆቹ ከመጀመሪያው ለየብቻ አስገቡ። ክፍያው ይከብዳል፤ ልጅ ጥሎ መምጣት ግን ይበልጥ ይከብዳል።

“ፋይሉ ገብቷል፤ ሠርጉን እንደግስ”

ኧረ ቆይ! መጀመሪያ ማን እንዳመለከተ እዩ። ግሪን ካርድ ያላት እናት ላላገባ ልጇ አመልክታ ልጁ ቢያገባ፣ ማመልከቻው ያኔውኑ ይሞታል። የጠበቀው ዓመት ሁሉ አብሮ ይቀበራል። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ላገባ ልጁ ማመልከት ስለማይችል ነው። እናቲቱ ሲቲዝን ከሆነች ፋይሉ አይሞትም፤ ያገቡ ልጆች ወረፋ ውስጥ ይገባል። ያ ወረፋ ግን በዓመት 23,400 ቪዛ ብቻ የሚሰጥበትና ከአሥር ዓመት በላይ የሚያስጠብቅ ነው።

አንዳንዱ “ማዘጋጃ ሄደን አልፈረምንም፣ ሽማግሌ ብቻ ነው የተላከው፣ ጋብቻ አይባልም” ይለኛል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በማዘጋጃ የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን የሃይማኖትና የባህል ጋብቻንም ያውቃል። ሠርጉ በባህል ከተፈጸመ “አላገባሁም” ብሎ መፈረም ውሸት ነው። አንድ ፎርም ሞይ ለጎረቤቴ “ዝም ብለህ ያላገባ በል” ብሎት ነበር። ኢንተርቪው ላይ የሠርጉ ፎቶ ከፌስቡክ ወጣ። በውሸት ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። ፎርም ሞዪው ግን ብሩን ተቀብሎ ሄዷል።

“ለወንድሜ ሞላሁለት፤ በሁለት ሦስት ዓመት ከች ይላል”

ለሲቲዝን ወንድሞችና እህቶች በዓመት የሚመደበው 65,000 ቪዛ ነው፤ ለዓለም ሁሉ። ወረፋው ከ15 ዓመት በላይ ነው። ተራ የሚያዘው ፎርሙ መሥሪያ ቤቱ በደረሰበት ቀን ነው። ተራው የት እንደደረሰ በየወሩ በሚወጣው ቪዛ ቡለቲን ይታያል። የሚያስቡት ካለ ዛሬ አስገቡና እርሱት። ወንድምን “ሥራህን ልቀቅ፣ ቤትህን ሽጥ” ማለት ግን ግፍ ነው።

“የልደት ቀን ልዩነት ትንሽ ነገር ነው”

እሱን ተዉት። አንድ ሲቲዝን አባት የልጁን ወረቀት ይዞ መጣ። የክርስትና ካርዷ ታህሳስ 25 ቀን 1990 ይላል። ተርጓሚው 7 ደመረና ጃንዋሪ 3፣ 1997 ብሎ ጻፈ። ትክክለኛው ጃንዋሪ 3፣ 1998 ነው። በኢትዮጵያ ዘመን ከመስከረም ጀምሮ 7 ይደመራል፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን 8 ነው። ድንበሩ ታህሳስ 23 አካባቢ ላይ ይወድቃል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያች ሳምንት ላይ ነው።

አንድ ዓመት ምን ያመጣል? ልጅቷ ያኔ በእውነት 20 ዓመቷ ነበር፤ በወረቀቱ ግን 21 አልፏት ነበር። በ20 ዓመቷ ማመልከቻ ከገባላት የቅርብ ዘመድ ናት፤ ዕድሜዋም ፎርሙ በገባበት ቀን ላይ ይቆማል። ይህን ያመጣው የልጆችን ዕድሜ የሚጠብቀው፣ በፈረንጆች 2002 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ነው። በወረቀቱ ከሄደች ግን ካላገቡ ትልልቅ ልጆች ጋር ለዓመታት ትሰለፋለች። ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የትምህርት ማስረጃ አንድ ዓይነት የልደት ቀን እንዲይዙ ፎርሙ ከመግባቱ በፊት አስተካክሉ።

“የእህቴን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ በልጄነት እሞላታለሁ”

ይሄኛው ልብ ይሰብራል፤ አብዛኛው ሰው ዋሽቶ አይደለምና። ልጅቷ እማዬ ነው የምትለው። ግን ሕጉ የሚጠይቀው ወይ መውለድን፣ ወይ ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ ጉዲፈቻን ከሁለት ዓመት አብሮ መኖር ጋር ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን ከልክላለች። ወረቀቱ የሚያጠራጥር ከሆነ ኤምባሲው የዲኤንኤ ምርመራ እንድታቀርቡ ሊጠቁም ይችላል። ምርመራው ማን እንዳሳደገ አያውቅም፤ ማን እንደወለደ ብቻ ነው የሚያውቀው። ያኔ የሚበላሸው የልጅቷ ኬዝ ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ስም ነው።

“ስፖንሰርነት ፊርማ ብቻ ነው”

ስፖንሰር የሚመጣውን ሰው በገንዘብ እደግፋለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ “ሀብታም ካልሆንኩ አልችልም” ይላል። የሚፈለገው ገቢ መንግሥት ከሚያወጣው የድህነት ወለል 125 በመቶ ነው፤ ቤተሰቡ በበዛ ቁጥር ይጨምራል። ካልሞላ አሜሪካ የሚኖር ሌላ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮ መፈረም ይችላል፤ ዘመድ መሆን የለበትም። ሌላው ደግሞ ጓደኛው ስለለመነው ሳያነብ ይፈርማል። ይህ ፊርማ ውል ነው። የመጣው ሰው ሲቲዝን እስኪሆን ወይም አሥር ዓመት ገደማ የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርለት ድረስ ይጸናል፤ አለበለዚያ የሚያበቃው ሰውየው ግሪን ካርዱን ትቶ አገሩ ከገባ ወይም ከሞተ ነው። ፍቺ አያፈርሰውም። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚጠቁር ባሎች አይቻለሁ።

“ካርዱ የ10 ዓመት ነው፤ በዓመት አንዴ ብቅ ካልኩ ይበቃል”

ወላጆቻችን እዚህ ብርዱ ሲያስጨንቃቸው “አገሬ ልሙት” ብለው ይሄዳሉ። አይፈረድባቸውም። ግን የ10 ዓመቱ ቀነ ገደብ የካርዱ ነው፤ ግሪን ካርዱ የሚጸናው ኑሯችሁ እዚህ ከሆነ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ ሰው ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለሲቲዝንነት ደግሞ በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ መቆየት ለማመልከት የሚያስፈልገውን የአምስት ዓመት የነዋሪነት ቆጠራ ሊያቋርጥ ይችላል።

“እንግሊዝኛ ስለማትችል እናቴ ሲቲዝን አትሆንም”

ትሆናለች። 50 ዓመት ሞልቷት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረች፣ ወይም 55 ሞልቷት 15 ዓመት የኖረች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናት። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ትመልሳለች። 65 ሞልቷት 20 ዓመት የኖረች ደግሞ የምታጠናው አጠር ያለ ነው። እናቴ በ15 ዓመቱ መንገድ ነው ያለፈችው። ወጥ እያማሰለች “የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት?” ስላት “ዋሽንግተን! ሌላ ጠይቀኝ” ትለኝ ነበር።

“ሁለቱንም ፓስፖርት እይዛለሁ”

የአሜሪካ ሕግ አይከለክላችሁም። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥራል። በምትኩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ እኛ ቢጫ ካርድ የምንለው። ያለ ቪዛ መግባት፣ መኖርና መሥራት ያስችላል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቀጠርም እንዲሁ። እናቴ መሐላውን ፈጽማ ስትወጣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ የአሜሪካ ፓስፖርቷ መቼ እንደሚደርስ አልነበረም። “ቢጫዋን ካርድ መቼ ነው የምታወጣልኝ?” ነው ያለችኝ።