አሞርዛተር የምቾት ዕቃ አይደለም፦ ከባለ መኪኖች የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ በመካኒክነት ስሠራ ከሁሉም በላይ የሚያታክተኝ አባባል አንድ ነው። ባለ መኪናው ላንድ ክሩዘሩን ወይም ፕራዶውን ለፍሬን ሸራ ወይም ለሞተር ዘይት ያመጣል፤ ከሥር ገብቼ አሞርዛተሩ ማለቁን አይቼ ስነግረው «አብሽር፣ እሱ ለምቾት ነው፤ በእኛ መንገድ ደግሞ ምቾት የለም» ይለኝና ይሄዳል። ይህን የሚሉት ለመኪናቸው የማያስቡ ሰዎች ቢሆኑ ባልተቆጨሁ ነበር። የሚበዙት ግን የሞተር ዘይታቸውን በሰዓቱ የሚቀይሩ፣ ጎማቸውን በየጉዞው የሚያዩ ጥንቁቅ አሽከርካሪዎች ናቸው። ስለዚህ ከዚህ አባባል ልጀምር፤ ሌሎቹን እግረ መንገዴን አነሣቸዋለሁ።

«አሞርዛተር ለምቾት ስለሆነ ሊቆይ ይችላል»

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው (ከተደራረቡ ብረቶች የተሠራው ሞላ) እንጂ አሞርዛተሩ፣ አንዳንዶች ሾክ አብዞርበር የሚሉት፣ አይደለም። ሞላ ግን የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ በመሆኑም ሞላ ብቻ ያለው መኪና አንድ ጉድጓድ ከመታ፣ ጉድጓዱን ካለፈ በኋላም ወደ ላይና ወደ ታች መወዛወዙን ይቀጥላል። ይህን የሚያስቆመው አሞርዛተሩ ነው። በውስጡ ዘይትና በዘይቱ ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን አለ፤ ዘይቱ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች በኩል በግድ ሲያልፍ የመወዛወዙ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ሙቀቱም በቱቦው ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ረጅም የጠጠር መንገድ ተጉዞ በቆመ መኪና ላይ እጅን ወደ አሞርዛተሩ በጥንቃቄ አስጠግቶ ሙቀቱን መለካት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሦስቱ ሞቀው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ያ ቀዝቃዛው ሥራውን አቁሟል ማለት ነው።

ምቾት የዚህ ሥራ አንዱ ውጤት ብቻ ነው፤ ዋናው ውጤት ጎማው መሬት እንደረገጠ መቆየቱ ነው። ፍሬን የሚይዘው፣ መሪም የሚታዘዘው ጎማው መሬቱን በሚነካበት መጠን ስለሆነ፣ ከመሬት በተነሣበት ቅጽበት ያ ጎማ ፍሬንም መሪም የለውም። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው በአጭር ርቀት ውስጥ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጥላል፤ መንገዱ ሙሉውን ጠመዝማዛ ስለሆነም ፍሬን የሚይዘው ብዙ ጊዜ መሪውን እያጠፈ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀልላል። አሞርዛተሩ ጤነኛ ከሆነ የመኪናው አፍንጫ በልክ ዝቅ ብሎ ይረጋል። ካለቀ ግን ይደፋል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይደፋል፤ በፊት ጎማዎቹ ላይ ያለው ጫናም አብሮት ሲበዛና ሲያንስ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ፣ ያለው መኪና ከዚህ ነፃ የሆነ የሚመስላቸው አሉ። ኤቢኤስ ግን የሚያነበው የጎማውን ዙር ነው፤ የሚዘል ጎማ አየር ላይ ቶሎ ስለሚቆም መሣሪያው መንሸራተት መስሎት ፍሬኑን ይለቅቃል።

በጠጠር መንገድ ላይ ነገሩ የባሰ ነው። መኪና የበዛበት የጠጠር መንገድ ላዩ እንደ ሞገድ እየተሸነተረ እንደሚሄድ በገጠር መንገዶቻችን የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። ሞገዱ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ቢደረደር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ የሚሄድ መኪና ጎማ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 15 ጊዜ ያህል ይመታል። የከባድ መኪና ጎማና አክስል በተፈጥሮው የሚዘልበት ፍጥነትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ስለዚህ የሚያረጋጋው አሞርዛተር ከሌለ ምቱና ዝላዩ ይገጣጠሙና ጎማው መሬቱን እየረገጠ ሳይሆን በሞገዱ ጫፍ ላይ እየዘለለ ያልፋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ አሽከርካሪው ይህን እንደ ጩኸት ብቻ ይሰማዋል፤ ኩርባ ላይ ግን የመኪናው ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል።

ወደ ወገል ጤና በኩል ሰው የሚያመላልስ የአንድ ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር አሽከርካሪ ያስቸገረው ይኸው ነበር። መኪናው ኩርባ ላይ ከኋላ እየሸሸ ስላስፈራው ጎማው ጥርስ አልይዝ ያለ መስሎት የኋላዎቹን በአዲስ ቀየረ፣ ምንም አልተለወጠም። የኋላ አሞርዛተሮቹን ስፈታቸው አንደኛው በአንድ እጅ ያለ ምንም ትግል ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ሌላኛውም ግማሽ መንገድ ድረስ ባዶ ሆኖ ከዚያ በኋላ ብቻ የሚጠነክር ነበር። ሁለቱን ስንቀይር መሸሹ ቆመ፤ አዲሶቹ ጎማዎች ግን ያለ ጥፋታቸው ወጪ ወጥቶባቸዋል።

ወጪውን ካነሣሁ አይቀር፣ «ገንዘብ ለመቆጠብ ነው የማቆየው» ለሚለውም መልስ አለኝ። የሚዘል ጎማ በእኩል አይበላም፤ ዙሪያውን አንድ ቦታ ጎድጎድ፣ ቀጥሎ ጉብ እያለ ይበላል፣ መዳፍን በጥርሱ ላይ ሲያስኬዱትም ማዕበሉ በግልጽ ይታወቃል። ከኮምቦልቻ የሚመጣ አንድ ባለ ፕራዶ ይህን አበላል የአላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ አቀማመጥ) ችግር ነው ብሎ በተደጋጋሚ አላይመንትና ባላንስ ሲያሠራ ቆይቷል። አላይመንት የተዛባ መኪና ጎማውን የሚበላው ባብዛኛው በአንድ ጎኑ ነው፤ እየተዘለለ የተበላ ጎማ ሲታይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሞርዛተሩ ነው። ከጎማው በተጨማሪ እያንዳንዱ ያልተገታ ምት በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ወዳሉት የላስቲክ ጎሚኒዎች፣ ወደ መሪ ጫፎቹና ጎማው ወደሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ይተላለፋል። እነዚህ ዕቃዎች አንድ በአንድ ሲቀየሩ የሚወጣው ገንዘብ ከአሞርዛተሩ ዋጋ ይበልጣል፤ ዋናው መንስኤ ባለበት ስለሚቀር ደግሞ ቶሎ ይመለሳሉ።

አሽከርካሪው ራሱ ለውጡን የማይረዳው አሞርዛተር በአንድ ቀን ስለማያልቅ ነው። በጥቂት በጥቂቱ ሲደክም ሰውየው ሳያውቀው ፍጥነቱን፣ ፍሬን የሚይዝበትን ቦታና የሚታጠፍበትን መንገድ ከመኪናው ድካም ጋር ያስማማል። ስለዚህ የምመክረው ያንኑ ዓይነት መኪና ጤነኛ አሞርዛተር ያለውን ለሚነዳ ሰው መሪውን ሰጥቶ፣ ራስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ጠጠር መንገድ መሄድ ነው። ሌላው ሰው በመጀመሪያው ኩርባ ላይ የሚለውን መስማት ከእኔ ምርመራ በላይ ያሳምናል።

«መንገዳችን መጥፎ ስለሆነ አዲስ ቢገባም ያው ነው»

መንገዱ መጥፎ መሆኑ አሞርዛተሩ የሚያስፈልግበት ምክንያት ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ ብቻ የሚሄድ መኪና በደከመ አሞርዛተር ረዘም ያለ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚሄድ መኪና ግን አይችልም።

«ዘይት እስካላፈሰሰ ድረስ ደህና ነው»

ብዙ አሞርዛተሮች አንድ ጠብታ ሳያፈስሱ ያልቃሉ፤ በውስጥ ያሉት ቫልቮች ይለብሳሉ፣ ዘይቱም ለረጅም ጊዜ ሲግል ይቀጥናል፣ ጋዝ ያለውም ጋዙን ያጣል። በተቃራኒው፣ ፒስተኑን በያዘው ዘንግ መውጫ አካባቢ አቧራ የያዘ ቀጭን ወዝ ስላየ ብቻ «ፈሰሰ» ብሎ የሚያስፈታ ሰውም ይሳሳታል፤ ዘንጉ ዘይት ከሚያግደው ጎማ ሥር ሲወጣና ሲገባ ትንሽ ወዝ ይዞ መውጣቱ ያለ ነገር ነው። የሚያሳስበው ቱቦውን ተከትሎ ወደ ታች የሚወርድ እርጥብ ዘይት ነው።

«ለምርመራ የመኪናውን ጥግ ጫን አድርጎ መልቀቅ ይበቃል»

ይህ ሙከራ ጨርሶ የሞተውን ያሳያል፣ የደከመውን ግን አያሳይም። የላንድ ክሩዘርን ጥግ በእጅ ጉልበት የሚያንቀሳቅስ ሰው ቢገኝ እንኳ እንቅስቃሴው በጣም ዝግ ያለ ነው፤ መንገድ ላይ ግን ፒስተኑ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሠራል፣ የሚያልቁትም በዚያ ፍጥነት የሚከፈቱት ቫልቮች ናቸው። መኪናው ከተለቀቀ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ አልቋል፤ ካልተወዛወዘ ደህና ነው ማለት ግን አይቻልም።

«ዘይት ሞልተን ብንበይደው አዲስ ይሆናል»

ይህን በጽኑ እቃወማለሁ። ከፋብሪካ ታሽጎ የወጣ አሞርዛተር ተበስቶ፣ ካገኙት ዘይት ተሞልቶ ሲበየድ ለጥቂት ሳምንታት ጠንክሮ ባለቤቱን ያስደስታል። ነገር ግን የለበሰው ቫልቭ አልተነካም፣ የብየዳው ሙቀት ዘይት የሚያግደውን ጎማ ያኮማትረዋል፣ የሞተር ወይም የካምቢዮ ዘይትም ለእነዚያ ጠባብ ቀዳዳዎች የተለካ ውፍረት የለውም፤ በደሴ የንጋት ብርድ ደርቆ፣ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ሲወረድ በሙቀቱ ይቀጥናል። ከዚህ ሁሉ በላይ አደጋ አለው። ባለ አንድ ቱቦ የሆነው ዓይነት በውስጡ ከ20 ባር በላይ የሚደርስ የናይትሮጅን ግፊት ይይዛል፤ እሱን መሰርሰር ወይም እሳት ማስነካት ሠራተኛውን ሊያቆስል፣ ከዚያም በላይ ሊያደርስ ይችላል። ልጆች በረዳትነት በሚሠሩበት ጋራዥ ውስጥ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

«የፈሰሰውን አንዱን ብቻ ቀይርልኝ»

አይሆንም፤ በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ፣ አለበለዚያ መኪናው ፍሬን ሲይዝና ሲታጠፍ በግራና በቀኝ የተለያየ ጠባይ ይኖረዋል።

«ጠንካራው ሁሉ የተሻለ ነው»

ከገበያው ውስጥ በጣም ደረቁን መርጦ የሚገዛ ሰው «ለመንገዳችን የሚሆነው ይህ ነው» ይላል። አሞርዛተር የሚመረጠው በሞላው ጥንካሬና በሚጫነው ክብደት ልክ ነው። ከልክ ያለፈ ደረቅ አሞርዛተር ሞላው እንዲታጠፍ አይፈቅድም፤ ጎማው ድንጋዩን ተከትሎ መውጣትና መውረድ ሲገባው መኪናውን በሙሉ ያነሣዋል፣ ውጤቱም ካለቀው ጋር አንድ ነው፤ ጎማው ከመሬት ይለቃል። ሁልጊዜ ሙሉ ጭነት ለሚይዝ መኪና ከበድ ያለው ተገቢ ነው። ቤተሰብ ብቻ ለሚይዝ ፕራዶ ግን ፋብሪካው የመደበለት ዓይነት ይበልጠዋል።

አሞርዛተር መኪናውን ከፍ ያደርጋል የሚሉም አሉ፤ ከፍታን የሚወስነው ሞላውና ባሌስትራው ስለሆነ፣ አንድ ጎኑ የወረደ መኪና የሚታየው በእነሱ በኩል ነው። ጎማውን ነፋስ አጉድሎ መንዳትም መፍትሔ አይደለም፤ ጎማው እየጋለ ጎኑ ይበላሻል፣ የሞላው መወዛወዝም አይቀንስም። «ዕቃ ሲጫንበት ስለሚለሰልስ ችግር የለውም» የሚሉትን በተመለከተ፣ ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ ስለሆነ መለስለሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አሞርዛተሩ የሚያረጋጋው ክብደትም በዚያው ልክ ጨምሯል፣ ስለዚህ የደከመ አሞርዛተር ይበልጥ አደገኛ የሚሆነው ተጭኖ ሲወረድ ነው።

«80,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አይነካም»

አንዳንድ አምራቾች ይህን ቁጥር ይጠቅሳሉ፤ እነዚያው አምራቾች በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲመረመርም ይመክራሉ፣ ይህ ሁለተኛው ግን አይነገርም። አሞርዛተር በደህና መንገድም ቢሆን በአንድ ኪሎ ሜትር ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። የእኛን ጠጠርና ጭነት የሚያይ መኪና ቁጥሩን ሳይጠብቅ ይታይ።

«ገጥሞ ማጥበቅ ብቻ ነው፣ ማንም ይሠራዋል»

ከመግጠም በፊት አዲሱን በእጅ ይሞክሩት፦ ቀጥ አድርገው አቁመው ደጋግመው ሲጫኑትና ሲስቡት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መታገል አለበት፤ ባለ ሁለት ቱቦው ዓይነት በመጋዘን ተኝቶ ሲከርም አየር ስለሚይዝ ይህ አየሩንም ያስወጣለታል። ጋዝ ያለው ከሆነ ሲለቀቅ በራሱ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ካልወጣ መልሱት። ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፣ በዘንጉ ላይ የቀረው ጭረት ዘይት የሚያግደውን ጎማ ይቆርጠዋልና።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማጥበቁ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በተንጠለጠለበት ሁኔታ የጎሚኒው ዳዶ እስከ መጨረሻ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በወራት ውስጥም ይሰነጠቃል። ዳዶውን ያዝ አድርጎ መተው፣ መኪናውን በጎማው ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ በልኩ ማጥበቅ ነው። እንደ ራቭ ፎር እና ቪታራ ባሉት ላይ ደግሞ የፊት አሞርዛተሩ ሞላውን ተሸክሞ ጎማውንም ራሱ ስለሚይዝ፣ ያለ ሞላ መጭመቂያ አይፈታ፤ የታመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይጎዳል። በእነዚህ መኪኖች ላይ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት ማሠራት ግዴታ ነው። በሁሉም ዓይነት ላይ ግን ከመጀመሪያው የጠጠር ጉዞ በኋላ ተመልሶ ዳዶዎቹን በቁልፍ ማስፈተሽ ያስፈልጋል።