«በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው» ማለት ምን ማለት ነው?

አሁንስ በዛ። አንድ አስተያየት ሰጪ «ጳውሎስ ማንን እንዳጠመቀ ካላስታወሰ ደብዳቤው እንዴት የእግዚአብሔር ቃል ይሆናል?» ብሎ ጻፈ። ሊመልስለት የተነሣው አማኝ ደግሞ «ጳውሎስ የጻፈው በጆሮው የተነገረውን ብቻ ነው» አለ። ወዳጆቼ፣ የተጣላችሁ ቢመስላችሁም ስሕተታችሁ አንድ ነው። ሁለታችሁም ሐዋርያውን ቃል ተቀባይ ጸሐፊ አድርጋችሁታል። መጽሐፍ ቅዱስ የሚለው ግን ሰዎች «በመንፈስ ቅዱስ ተነድተው» ተናገሩ ነው።

እስቲ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 1ን ግለጡት። ጳውሎስ ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ማንንም እንዳላጠመቀ ይናገራል። ወዲያው ትዝ ይለዋል፤ ለካ የእስጢፋኖስንም ቤተ ሰዎች አጥምቋል! ከዚያ ሌላ ማንን እንዳጠመቀ አያውቅም። እየተነገረው የሚጽፍ ሰው እንዲህ ራሱን አያርምም። ሉቃስም ወንጌሉን የጻፈው ነገሩን ከመጀመሪያው ተከታትሎ እንደሆነ በመግቢያው ይነግረናል።

መገለጥ (እግዚአብሔር ያልታወቀውን ሲያሳውቅ) ሌላ ነው፣ መነዳት (መንፈስ ሰውን ሲመራ) ሌላ። ጳውሎስ በጢሮአዳ ከተማ አክርጳ በሚባል ሰው ዘንድ የተወውን በርኖስ «አምጣልኝ» ብሎ ለጢሞቴዎስ ለመጻፍ መገለጥ አያሻውም።

«ተነድተው» የሚለው ቃል 2ኛ ጴጥሮስ 1፥21 ላይ ነው። በግሪኩ፣ በሐዋርያት ሥራ 27 ማዕበሉ የጳውሎስን መርከብ ሲነዳ የገባው ያው ግስ ነው። ነፋስ መርከብ ይነዳል እንጂ መርከብ አይሠራም። እንጨቱም፣ ሸራውም፣ ጭነቱም የመርከቡ ነው። ስለዚህ የሉቃስ መርከብ በተጣራ ግሪክኛ ረጋ ብሎ ይቀዝፋል፤ የማርቆሱ «ወዲያውም፣ ወዲያውም» እያለ ይሮጣል። ነፋሱ ግን አንድ ነው።

ምሳሌው እዚህ ጋ ያነክሳል፣ አልደብቅም። በሐዋርያት ሥራ 27 መርከበኞቹ ነፋሱን መቋቋም አቅቷቸው መርከቡን ለነፋሱ ለቀውታል፤ ሉቃስ ግን አእምሮውን ለቅቆ አልጻፈም። ደግሞም የጴጥሮሱ ጥቅስ የሚያወራው ስለ ትንቢት ነው፤ «ተናገሩ» እንጂ «ጻፉ» አይልም። ስለ መጻሕፍቱ ራሳቸው የሚናገረው 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ነው። «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል በአዲስ ኪዳን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው። በአንድ ቃል ላይ ሙሉ ቤት ሲሠራ እኔ ትንሽ እፈራለሁ።

እየተነገረው የጻፈ ሰው በእርግጥ አለ። ጤርጥዮስ ነው። የሮሜን መልእክት ከጳውሎስ አፍ እየተቀበለ ጻፈ። እሱም ቢሆን ዝም አላለም፤ ምዕራፍ 16 ላይ «ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ጤርጥዮስ» ብሎ የራሱን ሰላምታ ጣል አድርጎበታል።