ሂሞግሎቢን፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ እና የደም ምትክ

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን የሚወጣውና ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው መንገድ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ባለብረት ፕሮቲን፣ የሂሞግሎቢንን ሁለት ጠባይ ያሳያሉ። በስሜን 3,530 ሜትር ላይ ባለው አምባራስ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የነዋሪዎቹን አማካይ ሂሞግሎቢን በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም፣ የኦክስጅን ሙሌቱን (ኦክስጅን የያዘውን የሂሞግሎቢን ድርሻ) 95.3 ከመቶ አግኝቷል፤ ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም አይለይም። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ደገኞች ደም ግን በዚህ ከፍታ ይወፍራል። በቆላው ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈነዳና ሂሞግሎቢኑን ወደ ፕላዝማ፣ ማለትም ሴሎቹ ወደሚንሳፈፉበት የደም ፈሳሽ፣ ይበትነዋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ የሚሠራው ጋዝ ሲሆን የሥሩን ጡንቻ ያላላል። ኦክስጅን የያዘ ሂሞግሎቢን ካገኘው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ራሱም ሜትሂሞግሎቢን ሆኖ ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል። ኦክስጅኑን ያራገፈው ደግሞ ጋዙን በብረቱ ላይ አጥብቆ ይይዛል። በሴል ውስጥ የታሸገው ይህን የሚያደርገው እጅግ ቀስ ብሎ ነው፤ ደም ሲፈስ ሴሎቹ መሐሉን ስለሚይዙ ከሥሩ ግድግዳ አጠገብ ሴል አልባ የሆነ ቀጭን ፕላዝማ ይቀራል። ጋዙ ከሂሞግሎቢን ክፍሎች አንዱ በሆነው በቤታ ሰንሰለት 93ኛ ቦታ ባለው ሲስቲን በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል የሚለው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የነተመራማሪ ጆናታን ስታምለር ሐሳብ ግን እስካሁን ያከራክራል።

ከሴል የወጣ ሂሞግሎቢን ባለ4 ክፍል አካሉ ለሁለት ተሰንጥቆ በኩላሊት ይሾልካል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ስለዚህ በለጋሽ ደም ፋንታ የሚሰጥ ፈሳሽ ከሂሞግሎቢን የሚያዘጋጁት የደም ምትክ ሠሪዎች ክፍሎቹን በኬሚካል ድልድይ አሰሯቸው፤ ሄምአሲስት የተባለው ምትክ እንዲህ የተሠራ ነው። ከከብት ደም የሚሠራው ሌላው ምትክ ሄሞፒዩር ግሉታራልዴሃይድ በተባለ አጣማሪ ኬሚካል የተያያዘ ሲሆን በ2001 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ተፈቅዷል። ማሰሩ ኩላሊቱን አዳነ፤ ጋዙን ግን አላዳነም። ትንንሾቹ ሞለኪውሎች በሥሩ ግድግዳ ሾልከው ጋዙን ከምንጩ ይለቅሙታል፤ ሥሩ ይኮማተራል፣ የደም ግፊት ይወጣል። በ1998 እ.ኤ.አ. በተቋረጠው የሄምአሲስት የአደጋ ሕሙማን ሙከራ ምትኩን ከወሰዱት 52 ሰዎች 24ቱ፣ ጨው ውኃ ከተሰጣቸው 46 ደግሞ 8ቱ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ሞለኪውሉን ማግዘፍና ብረቱ የተቀመጠበትን ኪስ በዘረመል ምሕንድስና ማጥበብ ተሞክሯል።

በሆስፒታል የሚሰጠው ደም ዛሬም የለጋሽ ነው፦ 450 ሚሊሊትር፣ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሲፒዲኤ-1 በተባለ የደም ማቆያ ፈሳሽ እስከ 35 ቀን። በረዶ ሲነካው ወይም በፈላ ውኃ ሲሞቅ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ከሴሎቹ በላይ የጠለለው ፕላዝማ ቀልቶ ከታየ ከረጢቱ አይሰቀልም።