«ዘና በል» ሲባል ምን ማለት ነው? ካንሰር ለሚታከም ሰው

ካንሰር የሚታከም ሰው «ዘና በል» የሚል ምክር ይበዛበታል። እንዴት እንደሚደረግ ግን የሚነግረው የለም። ጭንቀት በትእዛዝ አይለቅም። ሰውነትን ማላላት ግን ልምምድ ነው፤ ይለመዳል።

አንዱ ዘዴ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስተዋወቀው ነው። ጡንቻን ሆን ብሎ መወጠር፣ ከዚያ መልቀቅ። ተቀመጡ ወይም ጋደም በሉ። ቀኝ እጃችሁን ጨብጡና 5 ሰከንድ ያህል ያዙት። ይወጠር እንጂ አይመም። ከዚያ በአንዴ ልቀቁት። ጣቶቻችሁ ሲላሉ፣ እጃችሁ ከበድ ሲል፣ ለ15 ሰከንድ ያህል ልብ በሉት። ቁም ነገሩ ልዩነቱን ማወቅ ነው። ስንቱ ሰው መንጋጋውን ነክሶ፣ ትከሻውን ሰቅሎ እንደሚውል ለራሱም አይታወቀውም! ቀጥሎ ክንድ፣ ትከሻ፣ ፊት፣ ሆድ፣ እግር እያላችሁ ውረዱ።

ቀዶ ሕክምና የተደረገበትን፣ የመድኃኒት ቱቦ የገባበትን ወይም የሚያማችሁን ቦታ አትወጥሩ። እዚያ ጋ ማላላቱ ብቻ ይበቃል። ካንሰሩ አጥንት ጋ ከደረሰ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ይጠየቅ።

አንዳንዱን ሰው ኬሞው (የካንሰር መድኃኒቱ) ገና ሳይጀመር የሆስፒታሉ ሽታ ብቻ ያቅለሸልሸዋል። «አካብደሃል» አትበሉት። አእምሮው ሽታውን ከመድኃኒቱ ጋር አያይዞት ነው። ይህ ልምምድ ለእንዲህ ዓይነቱ ማቅለሽለሽም ሊረዳ ይችላል። ግን ቤት ውስጥ፣ ደህና በሆኑበት ሰዓት አስቀድሞ መለማመድ ይሻላል።

ልምምዱ ዕጢ አያሳንስም፤ ሕክምናንም አይተካም። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ለሐኪም መንገር ነው።